መጨረሻ ደህና የነበረው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን፣ አከም ጂርቱ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከየጤና ጣቢያው የመጣችሁ ባልደረቦች፣ በሩ ላይ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ግቡ፣ ተቀመጡ። በክረምት ጅማ ላይ በዚህ ሰዓት ከቤት የወጣ ሰው ከዝናቡ ጋር ተደራድሮ ነው የመጣው፤ ጊዜያችሁን አላባክንም።

የተሰጠኝ ርእስ «የነርቭ ሐኪም ስትሮክን ሲያክምና ሲከላከል ሥራው ምን ይመስላል?» የሚል ነው። ሦስት ነገር ነው። አንደኛ ሰዓት፣ ሁለተኛ አልጋ፣ ሦስተኛ የደም ግፊት። ስለ ልብም የምለው አለኝ፤ በመጨረሻ አስገባዋለሁ። ከሦስቱ ሐኪሙ በደንብ የሚያዝበት አልጋው ላይ ብቻ ነው። ሰዓቱም ግፊቱም ያሉት እናንተ ቤት ነው። ሥራውን ላካፍላችሁ ነው የመጣሁት ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

አስቀድመን ስትሮክ ምን እንደሆነ እንወቅ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል፤ ስንቅ ደግሞ አይቋጥርም። ደም የተቋረጠበት ክፍል ወዲያው ሥራ ያቆማል፣ ቆይቶ ይሞታል። ደሙ የሚቋረጠው በሁለት መንገድ ነው፤ የደም ስሩ በረጋ ደም ሲዘጋ፣ ወይም ፈንድቶ ደም ሲፈስ። በዓለም ደረጃ የሚበዛው መዘጋቱ ነው። በአፍሪካ የመፍሰሱ ድርሻ ከሌላው ዓለም ከፍ ይላል፤ ዋናው ምክንያት ዓመታት ሳይታከም የኖረ ግፊት ነው። ሁለቱ በሽታዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ያው እጅ መዛል፣ ያው አፍ መጣመም። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሐኪምም በዓይኑ አይቶ አይለያቸውም። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ትልቅ የደም ስር ተዘግቶ ሳይታከም ሲቆይ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ተሰልቷል። «እስቲ ቡና ይጠጣና ይሻለው እንደሆነ እንየው» ብላችሁ ጀበና ስትጥዱ ሃያ ደቂቃ ሄደ። አባዙት።

የስትሮክ ሐኪም ሕይወት ከተነሳ አንድ ሰው ሳይነሳ አይታለፍም። ዶክተር ሚለር ፊሸር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ካናዳ ውስጥ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር። መርከቡ ሰጠመችና ከሦስት ዓመት በላይ በጀርመን እጅ ምርኮኛ ሆኖ ቆየ። ከጦርነቱ በኋላ ሞንትሪያል ገብቶ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ማየት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሐኪም «የአንጎል ደም ስር ተኮማትሮ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ፊሸር ግን አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ይጠይቃል፤ ሽባ ከመሆንህ በፊት በነበሩት ሳምንታት ምን ሆነህ ነበር? አንዳንዶቹ ለጥቂት ደቂቃ አንድ ዓይናቸው ጨልሞባቸው እንደተመለሰ ነገሩት። የሚገርመው የጨለመው ዓይን ከሰለለው እጅ በተቃራኒው በኩል ያለው ነው፤ እጁ ቀኝ ከሆነ ዓይኑ ግራ። ለምን? የግራው አንጎል ቀኝ እጅን ያዛል። የግራው አንጎልና የግራው ዓይን ደግሞ ደም የሚያገኙት ከአንድ ቧንቧ ነው፤ በአንገት በግራ በኩል ከሚወጣው። እንግዲህ በሽታው አንጎል ውስጥ ብቻ ሳይሆን አንገት ላይም አለ ማለት ነው። የሞቱትን ሰዎች አንገት መረመረ፤ ቧንቧው ተዘግቶ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1951 አሳተመው። በ1954 ወደ ቦስተን ተሻገረ፣ እዚያም ግፊት በአንጎል ጥልቅ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ስሮች እንዴት እንደሚያበላሽ አሳየ። በ98 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2012 አረፈ።

ይህን ሲያገኝ ሲቲ ስካን የሚባል፣ የጭንቅላትን ውስጥ በራጅ የሚያሳይ ማሽን አልነበረም፤ ሲቲ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። በእጁ የነበረው ጥያቄ ነው። በአገራችን የኒውሮሎጂ፣ ማለትም የነርቭ ሕክምና፣ ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ገና ወጣት ሙያ ነው፣ ባለሙያውም ጥቂት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልስልን ቤተሰቡ ነው። ወደ አንደኛው ነጥብ ገባሁ።

አንደኛው ሰዓት ነው። ሰዓት ስል ግን የትኛው ሰዓት? በሽተኛው የተገኘበት? ጎረቤት የተጠራበት? አይደለም። መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት። ደግሜ እላለሁ፣ መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበት። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ አባት ማታ 3 ሰዓት ላይ ደህና ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እጁ ሰልሎ ቢነሳ ቆጠራው የሚጀምረው ከማታው 3 ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎታል። እዚህ ላይ ግን አንዲት ጥያቄ ብዙ ታተርፋለች፤ ሌሊት ለሽንት ተነስቶ ነበር? በራሱ እግር ሄዶ በሩን ከፍቶ አንድ ቃል ተናግሮ ተመልሶ ከሆነ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል። በረመዳን ሱሁር ላይ አብሮ በልቶ ነበር? ጉርሻውን በቀኝ እጁ አነሳ? ከቤት የቀረ ካለ ስልክ ደውሉና ጠይቁ። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደህና ከነበረ ሱሁሩ የሕክምናውን በር ከፈተለት ማለት ነው።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ የእኛው የራሳችን ነው፤ በውጭ መጽሐፍ አታገኙትም። ልጁ «ሁለት ሰዓት ላይ» ይላል፤ የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር 8፡00 ነው። የቸኮለ ባለሙያ እንደሰማው 2፡00 ብሎ ከጻፈ በሽተኛው ላይ ስድስት ሰዓት ተጨመረበት። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ በእውነቱ ሁለት ሰዓት ነው ያለፈው፤ በካርዱ ስምንት። መድኃኒቱ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ይቀራል። በግልባጩ ከተሳሳተ ደግሞ ጊዜው ላለፈበት ሰው መድኃኒቱ ይሰጥና አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ ሲናገር «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» የምትለዋን ቃል አይርሳ። ባልደረቦቼ፣ እናንተ ደግሞ የሪፈር ወረቀቱ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ግማሽ መስመር ነው።

ምልክቱስ? ፊት፣ እጅ፣ ንግግር። ፈገግ በሉ በሉት፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል? ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት እጁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ይዘርጋ፤ እስከ አስር ስትቆጥሩ አንዱ ይወርዳል? ንግግሩን ስትፈትሹ አፍ በፈታበት ቋንቋ ይሁን። በኦሮምኛ ያደጉ እናት በአማርኛ ተጠይቀው ቢደናበሩ ስትሮክ ላይሆን ይችላል። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አስደግሟቸው፤ ከዚያ ስኒ አሳዩና «ይህ ምንድን ነው?» በሉ። ቃሉ እየተኮላተፈ ይወጣል? ወይስ ስኒውን እያዩ ስሙ ጠፋባቸው? ሁለቱም ምልክት ነው። ቃል የጠፋበትን ሰው ብዙ ጊዜ «ግራ ገብቶት ነው»፣ «ልክፍት ነው» እያልን እናስቀምጠዋለን። ድንገት የመጣ የሚዛን መሳትና መንገዳገድ፣ ድንገት የአንድ ዓይን ወይም የእይታ ግማሽ መጥፋት፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ የራስ ምታት ከማስመለስ ጋር፤ እነዚህንም ጨምሩ። «ድንገት» የሚለው ቃል ነው ዋናው።

አሁን የፊት መጣመምን ስትሰሙ «እሱማ ምች ነው» ያላችሁ አላችሁ፤ አየኋችሁ። ልክ ናችሁ፣ የፊት ነርቭ ብቻውን ሲታመም ፊት ይጣመማል፤ ያ ስትሮክ አይደለም። ልዩነቱ ግንባር ላይ ነው። ቅንድብህን ወደ ላይ አንሳ ሲባል በዚያ በኩል ግንባሩ የማይጨማደድ፣ ዓይኑም የማይከደን ከሆነ የፊት ነርቭ ወደ መሆኑ ያደላል። በስትሮክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግንባሩ ይጨማደዳል፣ የሚወርደው የአፉ ጫፍ ነው። ይህን የነገርኳችሁ ቤት ውስጥ እንድትፈርዱ አይደለም። ፊቱ በተጣመመበት ሰው ላይ እጅም ከዛለ፣ ንግግርም ከተበላሸ ምች አትበሉት።

በምች ምክንያት የሚደረግ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዳማከሴ ይጨመቅና በቡና ይሰጠዋል። በዳማከሴው ላይ ክርክር የለኝም፤ ክርክሬ ከመዋጡ ጋር ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮው ላይታዘዝለት ይችላል። የሰጣችሁት ፈሳሽ ወደ ሆድ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባ ይገባል፤ በሦስተኛው ቀን የሳንባ ምች ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ምንም በአፍ የለም። ውሃም፣ ጸበልም፣ ማርም፣ ኪኒንም። ጸበሉን ፊቱን አብሱበት፤ አታጠጡት። የጎረቤትን የግፊት ኪኒን መስጠት የለም። አስፕሪንም የለም፤ እየፈሰሰ ያለ ደም ከሆነስ? ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህችን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ካስመለሰው በጎኑ አስተኙት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው አውጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንስ ካልተገኘ ባለመኪና ለምኑ፤ ባጃጅ ውስጥ አጣጥፎ መጫን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የሚወስደውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ አምጡ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለበት ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ሲታመም ያየው ሰው አብሮ ይምጣ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጉልበት ያለው ወጣት ነው፤ ያየችው አያት ቤት ትቀራለች፤ ከዚያ ሐኪሙ ሰዓቱን ሲጠይቅ ወጣቱ ጣሪያ ያያል። ያየችው ካልመጣች ስልኳን ይዛችሁ ኑ።

ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት ለምትመጡ ባልደረቦች አንድ ነገር። ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠራው ሦስት ነገር ነው፤ የደም ስኳር መለካት፣ ግፊት መለካት፣ ሰዓቱን መጻፍ። ስኳር የግድ ነው፤ በጣም የወረደ ስኳር ስትሮክን ቁርጥ ይመስላል፣ እጅ ያዝላል፣ ንግግር ያጠፋል፤ ግሉኮስ ሲሰጠው ተነስቶ ይቀመጣል። ሳይለካ ግሉኮስ መስጠት ግን የተጎዳ አንጎልን ይጎዳል። ግፊቱ 190 ሆነ ብላችሁ ቶሎ አታውርዱት። ቶሎ የሚሠራውን ኒፊዲፒን ከምላስ ሥር መስጠት ከድሮ የቀረ ልማድ ነው፤ ግፊቱን ገደል ይከተዋል፣ በተጣበበው ቧንቧ ሲያልፍ የነበረው ጥቂት ደም እሱም ይቀራል። በእኔ እምነት ሦስቱን ሠርቶ ለመሸኘት አስር ደቂቃ ይበቃል። ሲቲ ስካኑ እየሠራ መሆኑን ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ከሆነ መንገድ ላይ ሳይሆን እናንተ ጋ እያለ ይታወቅ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ አልጋው። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ወደ ሲቲ ይሄዳል። አዲስ የፈሰሰ ደም ሲቲ ላይ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል። የተዘጋ የደም ስር ያደረሰው ጉዳት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይታይ ይችላል። «ሲቲው ንጹሕ ነው» ሲባል ቤተሰብ ተመስገን ብሎ በሽተኛውን ይዞ ለመውጣት ይነሳል። እባካችሁ! ንጹሕ ማለት ደም አልፈሰሰም ማለት ነው፤ ስትሮክ የለም ማለት አይደለም። እንዲያውም መድኃኒቱ የሚሰጠው ለዚህ ሰው ነው።

መድኃኒቱ አልቴፕሌዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመው የአሜሪካ ጥናት በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሲሰጥ እንደሚጠቅም ታየ፤ በ2008 ሌላ ጥናት ጊዜውን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አሰፋው። መጠኑ በኪሎ 0.9 ሚሊግራም ነው፣ ከ90 ሚሊግራም አያልፍም። 60 ኪሎ ሰው 54 ሚሊግራም ይደርሰዋል፤ አስር በመቶው፣ ማለትም 5.4፣ በአንድ ደቂቃ ይወጋል፤ የቀረው 48.6 በአንድ ሰዓት ውስጥ ይንጠባጠባል። ዱቄት ነው፤ ለመርፌ በተዘጋጀ ከጀርም የጸዳ ውሃ ሲበጠበጥ ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ ማዞር እንጂ መናጥ የለም፣ አረፋ ይሠራል። ጠርሙሱ ባለ 50 ከሆነ ለዚህ ሰው አንዱ አይበቃም፣ ሁለት መክፈት የግድ ነው። «ለ4 ሚሊግራም ብለን ሌላ አንከፍትም» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ አይሆንም። ኪሎውንም በግምት አትሙሉት፤ ሚዛን ላይ መቆም ካልቻለ ቤተሰብ በቅርብ የተመዘነበትን ያስታውስ። ከመሰጠቱ በፊት ግፊቱ ከ185 በ110 በታች መሆን አለበት፤ ከተሰጠ በኋላ ለ24 ሰዓት ከ180 በ105 በታች ይያዛል፤ በዚያ ቀን አስፕሪን የለም። አደጋ የለውም ወይ? አለው። በ1995ቱ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ100 ወደ 6 የሚሆኑት አንጎላቸው ውስጥ ሕመሙን የሚያባብስ ደም ፈስሶባቸዋል፤ ካልወሰዱት ግን 1 እንኳ አይሞላም። ያም ሆኖ ከሦስት ወር በኋላ ያለ ጉድለት ወይም በጥቂት ጉድለት የቆሙት ከወሰዱት መካከል ይበልጣሉ። ይህ ለቤተሰብ በሚገባው ቋንቋ መነገር አለበት።

አሁን ቴኔክቴፕሌዝ የሚባል አለ፤ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም፣ ቢበዛ 25፣ በአንድ መርፌ ያልቃል። እንደ እኛ መድኃኒት የሚያንጠባጥብ ፓምፕ ለሚያጥረው ቦታ የሚመች ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ደግሞ በጭን የደም ስር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። እዚያ ላይ አልቆይም፤ በአገራችን ሁለቱም በየሆስፒታሉ አይገኙም፣ ያልያዝነውን ማውራት አያጠግብም።

መድኃኒቱ ላልደረሰውስ? እንግዲህ ብዙው ሰው ይህ ነው። «ምንም የሚደረግ የለም» ሲባል ከሰማችሁ አትቀበሉ። ደም እንዳልፈሰሰ በሲቲ ከታወቀ ከ160 እስከ 300 ሚሊግራም አስፕሪን በ48 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል። የሚያሟሟውን ካልወሰደ ግፊቱ ከ220 በ120 ካላለፈ፣ ሌላ አጣዳፊ ምክንያትም ከሌለ፣ በመጀመሪያው ቀን አይነካም። ደም የፈሰሰበት ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ የላይኛው ግፊት ወደ 140 አካባቢ በጥንቃቄ ይወርዳል። ከዚያ ሦስት ነገር፤ ትኩሳት፣ ስኳር፣ መዋጥ። አውስትራሊያ ውስጥ ነርሶች እነዚህን ሦስቱን በመመሪያ እንዲከታተሉ ተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ውጤት የሞትና በሰው እጅ የመውደቅ ቁጥር ቀነሰ። ምንም አዲስ መድኃኒት የለበትም። ቴርሞሜትር፣ የስኳር መለኪያና ማንኪያ ነው።

ማንኪያዋን ላሳያችሁ። በሽተኛው ነቅቷል፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ብሏል። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ትሰጡታላችሁ። ማንቁርቱ ከፍ ብሎ ሲወርድ እዩ። ሳለ? ትን አለው? «አ» በል በሉት፤ ድምፁ ውሃ እንደያዘ ጉሮሮ የሚንኮራኮር ሆነ? ካልሆነ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማንኪያ፣ ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ቀስ ብሎ። በአንዱ ደረጃ ላይ ከሳለ አቁሙ፤ በአፍንጫ ቱቦ ይመገባል። አስታማሚዎች የምትሳሳቱት እዚህ ነው። «ምግብ ካልበላ ይሞትብናል» ብላችሁ ነርሷ ዞር ስትል ተንጋሎ እንደተኛ አጥሚት ታፈሱበታላችሁ። ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ቀጭን ፈሳሽ ከገንፎ ይልቅ ወደ ሳንባ ለመግባት ይቀለዋል፤ «ቀጭን ስለሆነ አይጎዳውም» የሚለው ልክ አይደለም።

በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ። የሰለለውን እጅ ይዛችሁ ጎትታችሁ አታንሱት፤ ትከሻውን የያዘው ጡንቻ ነበር፣ ጡንቻው ዝሏል፣ መጋጠሚያው ይወልቃል፤ ከወር በኋላ ከሽባነቱ በላይ የሚያስለቅሰው የትከሻ ሕመም ይሆናል። እጃችሁን ከጀርባው በትከሻው አጥንት ሥር አስገብታችሁ አንሱ፣ ሲተኛም እጁን በትራስ ደግፉ። በመጀመሪያው ቀን በግድ ማስሄድ አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ፣ አጠር አጠር እያለ፣ ሳይሰለች።

ሦስተኛው ነጥብ ግፊት ነው። የላይኛውን ግፊት በ10 ነጥብ ማውረድ ስትሮክን ከሩብ በላይ ይቀንሳል። አንድ ቀዶ ሕክምና ይህን ያህል ቢሠራ ሐውልት ይቆምለት ነበር፤ ኪኒን ስለሆነ ግን «ደህና ነኝ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

መጀመሪያ አለካኩ። አምስት ደቂቃ ጀርባን ተደግፎ መቀመጥ። እግር መሬት ላይ፣ ሳይነባበር። ሽንት ካለ ይሸና፤ የተያዘ ሽንት ግፊት ከፍ ያደርጋል። እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ጨርቁ በልብ ትክክል፣ ባዶ ክንድ ላይ፤ በሹራብ ላይ አይደለም፣ ጋቢውም ይውረድ። ጨርቁ ለክንዱ ጠባብ ከሆነ የሌለ ግፊት ያሳያል። በሚለካበት ጊዜ ወሬ የለም፣ ለሰላምታም መልስ የለም። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለካ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በሁለቱም እጅ። ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ጫት የለም። ጅማ ውስጥ ከቡናም ከጫትም የራቀ ግማሽ ሰዓት ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፈልጉ።

ስለ ጫት ከተነሳ፣ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ የልብ ምትንም ግፊትንም ይጨምራል። ጠዋት ኪኒን ውጦ ከሰዓት በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው መኪናውን ፍሬን ይዞ ነዳጅ ይረግጣል። ቡናውን ተዉ አልልም፤ በዚህ ከተማ ያንን ብዬ በሰላም አልወጣም። የምለው ጨውን ነው። በየገጠሩ ቡና በጨው ይጠጣል። ሦስት ዙር፣ በቀን ሁለቴ ከሆነ ስድስት ስኒ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው ነው፤ የወጡም፣ የእንጀራውም ተቆጥሮ። በርበሬውና ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፤ ድስት ላይ እንደገና ይጨመራል። ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱት። ጨዉን ከስኒው አውጥታችሁ አንድ ወር ብትታገሱ ምላስ ይለምደዋል።

ኪኒኑስ? ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፤ ኩላሊቴ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፣ ግን ንገሩን። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ለሳሉ ሽሮፕ ከመግዛት ኪኒኑን ማስቀየር ይሻላል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ ረጅም መንገድ ስላለብኝ ብለው የሚተዉት አሉ። ተዉት ከምትሉ ሰዓቱን ቀይሩ። ጠዋትም ማታም ቢዋጥ ጥቅሙ እኩል እንደሆነ በትልቅ ጥናት ታይቷል። ይህ ለጾመኞች ትልቅ ዜና ነው፤ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ፣ በሁዳዴ ከምሳ ጋር ወይም ማታ። በቀን አንዴ የሚዋጥ ኪኒን ጾም አያስፈታም። ስኳር ያለባችሁ ግን ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። አሁን አንድ ጥያቄ፤ «ግፊቴ ተስተካከለ፣ ስለዚህ አቆምኩ» ያላችሁ ስንት ናችሁ? እጅ አታውጡ፣ ይገባኛል። የተስተካከለው ኪኒኑ ስላለ ነው። ጣሪያው ዝናቡን ስለያዘው ቆርቆሮውን ነቅላችሁ ትሸጣላችሁ?

ስለ ልብ እንግዲህ። ወጣት ሰው ስትሮክ ሲመታው፣ በተለይ ሴት ወጣት፣ ልቧን አዳምጡ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የልብን በር የሚያጣብብ በሽታ አለ፤ ከጠባቡ በር ኋላ ደም ይቆማል፣ የቆመ ደም ይረጋል፣ ምቱ ሲዛባ ብን ብሎ አንጎል ውስጥ ይገባል። የልጃችሁ ጉሮሮ ሲያብጥና ሲያተኩሰው እንጥሉን አታስቆርጡ፤ እንጥል ጥፋት የለበትም። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ፔኒሲሊኑን ይጨርስ። የልብ በሩ ለተጣበበና ምቱ ለተዛባ ዋናው መድኃኒት ዋርፋሪን ነው፤ አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ለዚህ ዓይነቱ ልብ እንደማይተኩት እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የደም መርጋት ምርመራው ቁጥር፣ INR የሚባለው፣ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጎመን ዋርፋሪንን ያዳክማል ሲባል ጎመን እስከነአካቴው የሚተዉ አሉ፤ አያስፈልግም፣ ሳምንቱን ሙሉ ተመጣጣኝ ይሁን። ችግሩ ሁለት ሳምንት ሳትበሉ ቆይታችሁ ድንገት ስትጠግቡ ነው። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ዋርፋሪኑን ያበረቱታል፣ ድድ ይደማል፣ ከዚያም የባሰ ይመጣል፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን ያዳክመዋል። ፋርማሲ ቆማችሁ ለተቅማጥ ኪኒን ስትገዙ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» በሉ።

አንዲት ነገር ከፊሸር ታሪክ አስቀርቼ ነበር። ያቺ ለጥቂት ደቂቃ ጨልማ የተመለሰች ዓይን። እጁ ዝሎ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተመለሰለት ሰው፣ ንግግሩ ጠፍቶ ቡና ሳይፈላ የተስተካከለላት ሴት፤ «አለፈልኝ» ብለው ይተኛሉ። ይህ ከደረሰባቸው ከ10 ሰው አንዱ ገደማ በሦስት ወር ውስጥ ሙሉ ስትሮክ እንደሚመታው፣ ከእነሱም ግማሹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የተመለሰላችሁ ዕለት ኑ። ነገ ሳይሆን፣ ገበያው ካለፈ በኋላም ሳይሆን፣ በዚያው ዕለት። እየተራመዱ ድንገተኛ ክፍል የሚገቡ ሰዎችን «ምን ሆነህ መጣህ» የሚል ካለ «እጄ ሩብ ሰዓት ዝሎ ተመለሰ» በሉና ተቀመጡ።

በሩ አጠገብ ሁለት ነርሶች የግፊት መለኪያ ይዘው ተቀምጠዋል። መግቢያ ላይ ቡና የጠጣችሁ፣ ንግግሩ ስለረዘመ ግማሽ ሰዓታችሁ አልፏል፤ ሂዱ። አሁን ስኒ በእጃችሁ የያዛችሁ ከኋላ ሆናችሁ ጠብቁ። ሽንት ያለባችሁ መጀመሪያ ወደዚያ በኩል ነው። ጋቢያችሁን አውልቁ፣ ስትለኩም አታውሩ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።